ዓሣውን ምን ነካው?

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር የባሕር ዓሣ አንድ ጠዋት ስንጥቡን ከወትሮው ፈጠን አድርጎ መክፈትና መዝጋት ይጀምራል። ትናንት ሮጦ የበላውን ምግብ ዛሬ ዞር ብሎ አያየውም። ጥግ ይይዛል፤ አልፎ አልፎ ከጥጉ ይወጣና ጎኑን ከድንጋይ ጋር አሽቶ ይመለሳል። የሚታየው ይኸው ነው። የውሃው ኦክስጅን ቢያንስ ዓሣው እንዲህ ይሆናል፤ አሞኒያ ቢበዛም እንዲሁ። ስንጥቡ ላይ ጥገኛ ተህዋስያን ቢሰፍሩበት፣ ከዛገ ቧንቧ መዳብ ቢንጠባጠብበት፣ ወይም አብሮት ያለ ጉልበተኛ ዓሣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድደው ቢያድር የምናየው ምልክት አይለወጥም። ምልክቱ አንድ ነው፤ ምክንያቶቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት ደግሞ ሌላውን ይገድላል።

ዲምቱ ላይ ሆኖ ስለ ባሕር ዓሣ ሕመም ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይህች በወላይታ የምትገኝ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ መቀመጫ ከየትኛውም ባሕር የራቀች ናት፤ ያለን ውሃ ወረዳውን በምሥራቅ የሚያዋስነው የቢላቴ ወንዝ ነው። አገሪቱ ራሷም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር የሰበሰባቸውን ዓሣዎች እ.ኤ.አ. ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ «የአቢሲኒያ» እንስሳት ውስጥ ቆጥሯቸው ነበር። ዛሬ በየአገሩ ሳሎን ከሚዋኙት የባሕር ዓሣዎች አንዳንዶቹ ስማቸውን የሰጣቸው እሱ ነው። ይህ ግን የጎን ወሬ ነው። እኔን የሳበኝ የዓሣው ውበትም የጠረፉ ቁጭትም አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ፊት የቆመ ሰው ምን ያደርጋል፣ ከሁሉ በፊትስ ወዴት ያያል የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ወላይታ እንግዳ አይደለችም።

በቢላቴ ሸለቆ በሬ ሲከሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገንዲ የሚባለው የደም ተህዋሲ በሽታ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በሬውን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ? የሚያሰማሩት ወዴት ነው? ውሃ የሚጠጣው ከየት ነው?» በሬው ባይናገርም የሚናገርለት አለው። ዓይኑ ያነባል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ጠጉሩ ይቆማል። ዓሣ ግን የሚከደን ዓይን የለውም፤ ሲያመውም ሲደላውም አተያዩ አንድ ነው። ድምፁም ቢሆን ለእኛ ጆሮ አልተሠራም። ከዚያም በላይ ሕመሙን ይደብቃል። በባሕር ውስጥ ደከም ያለ ዓሣ መጀመሪያ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ጤነኛ መስሎ መዋኘት የኖረበት ጥበብ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ነው፤ ዓሣ ሲሸሽግ ኖሮ ነው ዘሩን ያቆየው። ስለዚህ ምልክቱ ለባለቤቱ በታየ ጊዜ ሕመሙ ገና መጀመሩ አይደለም። መደበቂያ አቅሙ ማለቁ ነው።

ታዲያ ምስክሩ ማን ነው? ያው ባለቤቱ ነው። እንደ በሬው ጌታ ግን የሌላውን ኑሮ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ስለ ራሱ እጅ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ጨው፣ አሸዋ፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ጎረቤት፣ እሱ ያስገባው ነው። ትናንት ምን ጨመርክ? አዲስ ዓሣ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው? መብራት የጠፋው ለስንት ሰዓት ነው? እጅህን ገንዳው ውስጥ ስትከት ምን ተቀብተህ ነበር? ክፍሉ ውስጥ ፍሊት ነፍተሃል? የመጨረሻው ጥያቄ ዲምቱን በመሰለ የወባ ቆላ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይከብዳል። አየር ወደ ገንዳው የሚነፋው ትንሽ ሞተር የሚስበው የሳሎኑን አየር ነው። ትንኝ የሚገድሉት ፓይረትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ለሰው በመጠኑ የዋህ ሲሆኑ ለዓሣ ብርቱ መርዝ ናቸው። ልጆቹን ከወባ ለማዳን የነፋ አባት ዓሣውን ገድሏል፤ ሁለቱም ሥራ የአንድ እጅ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የዓሣ ሕመም ምርመራ ግማሹ የባለቤቱ ምርመራ የሚሆነው በዚህ ነው። ሰው ደግሞ ስለ ራሱ እጅ ሲጠየቅ «ምንም የተለየ ነገር አላደረግኩም» ማለት ይቀናዋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ያደረገው ነገር የዘወትር ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

የባሕር ዓሣ በውሃ ተከቦ ይጠማል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። የዓሣው ደም ግን የዚያን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። በዚህ የተነሣ የሰውነቱ ውሃ በስንጥቡና በቆዳው በኩል ሌት ተቀን ወደ ጨዋማው ባሕር ያመልጣል። እሱን ለመተካት ዓሣው ባሕሩን ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው ሆመር ስሚዝ የባሕር ዓሣ በእርግጥ እንደሚጠጣ አሳየ፤ በዓመቱ አንሰል ኪስ አብሮ የገባው ትርፍ ጨው በስንጥብ ተገፍቶ እንደሚወጣ በሙከራ አረጋገጠ። ቆሮሶ የሚባለው የአባያ ሐይቅ ዓሣ ኑሮ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውሃው ሳይጋበዝ ይገባበታል፤ እሱም ከውሃ የማይሻል ቀጭን ሽንት እያፈሰሰ ጨውን ይቆጥባል። ሁለቱም ዓሣዎች ከውጭው ዓለም ጋር ያላቸው ድንበር የሚጠበቀው በሥራ ነው፤ ሥራው ለአንድ ሰዓት ቢቆም ድንበሩም የለም።

እዚህ ላይ የእኔ ጥያቄ ይነሣል። ታማሚው የት ላይ ያልቃል? ሰው «አመመኝ» ሲል ቆዳው ውስጥ ያለውን ማለቱ ነው፤ ሐኪሙም ቆዳውን እንደ አጥር ቆጥሮ ከአጥሩ ወዲህ ይፈልጋል። የዓሣው ስንጥብ ግን ከወረቀት የሚሳሳ ሥጋ ነው፤ ከዚህ ወገን ደም፣ ከዚያ ወገን ባሕር። ሳንባውም፣ የኩላሊቱ ግማሽ ሥራም፣ ጨውን የሚመዝነው ሚዛንም ያለው እዚያው ነው። ይህን አካል ከውሃው ለይቶ «ዓሣው ታሟል» ማለት በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ የሚሞተው እሱ ነውና። በሌላ በኩል ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ አንብቦ መፍረድ ነው። ልምድ ያላቸው ዓሣ አርቢዎች ዓሣው ላይ ከማፍጠጣቸው በፊት ውሃውን የሚለኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ጨዋማነት፣ ሙቀት። ፍልስፍና ስላጠኑ አይደለም፤ ብዙ ዓሣ ስለሞተባቸው ነው።

ውሃው ራሱ ደግሞ ያታልላል። ጥርት ማለቱ እስከ ዛሬ የአዳዲስ ገንዳ ባለቤቶችን ያሳስታል። አዲስ ገንዳ ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ ዓሣው የሚያስወጣውን አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ግን ገና አልተባዙም። አሞኒያ መልክ የለውም። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ መሆኑ ደግሞ አሞኒያውን ይበልጥ መርዛም ወደሆነው መልኩ ይገፋዋል። ሙቀቱ ከፍ ካለ ኦክስጅን ያንሳል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጨው የሌለበት ውሃ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በአንጻሩ አባያን ተመልከቱት፤ ቢላቴና ሌሎቹ ገባሮች በሚያመጡት ደለል ቀልቶ ጣት ጠለቅ ብሎ ቢገባበት አይታይም፤ አምባዛና ናይል ፐርች ግን ይኖሩበታል። ጥርት ያለው ገደለ፤ የደፈረሰው አኖረ። ዓይን የጤና ዳኛ እንዳይሆን የሚከለክል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ዓሣው ላይ ነጭ ነጥቦች ታዩ እንበል፤ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህ ግልጽ ምልክት ነው፤ ስሙም የታወቀ ነው፤ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባል ደቃቅ ተህዋሲ ቆዳውና ስንጥቡ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን እየበላ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ነጥቡ ይጠፋል። ባለቤቱ እፎይ ይላል። ምግብ ይጨምራል፤ መድኃኒት ጨምሮ ከነበረም መድኃኒቱን ያመሰግናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ተህዋሲው ጠግቦ ከዓሣው ላይ ወርዷል፤ አሸዋው ላይ ራሱን በሽፋን ጠቅልሎ እየተከፋፈለ ነው። ከአንዱ ሽፋን መቶና ከዚያም በላይ የሚሆኑ ልጆች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሽፋኖች በቀናት፣ አንዳንዶቹ ከሁለት ወር በኋላ ይፈነዳሉ። የወጣው ልጅ ዓሣ ካላገኘ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ነገር ግን ገንዳ ጠባብ ነው፤ በባሕር ላይ በሺህ አንድ የሚሳካለት እዚህ ይሳካለታል። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ነጥቡ ስንጥቡን ይሞላዋል፤ ያ የጨው ድንበር ይበሳሳል፤ ዓሣው ታፍኖም ተጠምቶም ይሞታል።

ይህን ዑደት ባሰብኩት ቁጥር የሚገርመኝ የተስፋው ቀን ነው። ገንዳው ከምንጊዜውም ይልቅ በበሽታ የተሞላው ዓሣው ንጹሕ በመሰለበት ቀን ነው። ምልክት የሚታየው በሽታው ዓሣው ላይ ባለበት ወቅት ብቻ ነው፤ በሽታው ግን ከዓሣው ውጭ የራሱ ኑሮ፣ የራሱ ማረፊያ፣ የራሱ ቀን አቆጣጠር አለው። መድኃኒቱም ይህን ይመሰክራል፤ መዳብ ተህዋሲውን ዓሣው ላይ ሳለ አያገኘውም፣ በሽፋኑ ውስጥ ሳለም አይገድለውም፤ የሚገድለው በመካከል ሲዋኝ ባለችው አጭር ሰዓት ነው። ያውም ኮራሉንና ሽሪምፑን አብሮ ስለሚገድል ዓሣው ወደ ለይቶ ማቆያ ተወስዶ ዋናው ገንዳ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ያለ ዓሣ መቀመጥ አለበት። ማንም የታመመ በሌለበት ባዶ ውሃ እያዩ ለሁለት ወር ተኩል መታገሥ፤ ሕክምናው ይህ ነው። ገንዲም የዚሁ ዘመድ ጠባይ አለው። ተህዋሲው በበሬው ደም ውስጥ አንዴ በዝቶ አንዴ ያንሳል፤ የአንድ ቀን ደም በማይክሮስኮፕ ንጹሕ ሆኖ መታየቱ በሬው ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። የሚከሳው ዓሣና የሚከሳው በሬ ሁለቱም የሚነግሩን፣ ያየንበት ሰዓት የበሽታው ሰዓት ላይሆን እንደሚችል ነው።

ወላይታ ከዓሣው ሁሉ የሚከብድ የራሷ ታሪክ አላት። ዝሆኔ በዚህ ምድር ለትውልዶች የኖረ በሽታ ነው። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጎረብጣል፣ ይሸታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አመልክቷል። ቤተሰብ ይሸማቀቅበታል፤ ልጃገረድ ሳታገባ ትቀርበታለች፤ የታመመው ሰው ቤተ ክርስቲያን ጥግ ይቀመጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ እርግማን፣ ድግምት፣ እባብ ያለፈበት ቦታ፣ ዘር ይባል ነበር። የተማረውም ወገን የራሱ እርግማን ነበረው፤ እግር ካበጠ በትንኝ የሚተላለፍ ትል አለ ብሎ ደም ይመረምራል። ትሉ ሌሊት ስለሚወጣ ደሙ በሌሊት ተቀዳ። ትል የለም። ቀደምት አጥኚዎች በገበያ ቀን ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ያበጠ እግር ቆጠሩ፤ የት እንደሚበዛና የት እንደሚያንስ ግን ከደሙ ጋር አልተገናኘም።

የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም የነበረው እንግሊዛዊው ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓይኑን ከእግሩ ላይ አንሥቶ እግሩ የቆመበት መሬት ላይ አሳረፈ። በ1974 ያሳተመው ጥናት ወላይታ ላይ የበሽታውን መገኛ ከአፈሩና ከአየሩ ጠባይ ጋር ያገናዘበ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ብዙ ዝናብ፣ ባዶ እግር፤ እነዚህ በተገናኙበት ዝሆኔ አለ። ከዚያ የታማሚዎች ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን፣ ሲሊከንና አሉሚኒየም፣ ውስጡ ተገኘ። መሬቱ በተረከዝ ገብቶ ብሽሽት ድረስ ወጥቷል። ገበሬው አፈሩ ውስጥ ይኖር ነበር፤ አፈሩም ገበሬው ውስጥ።

ፕራይስ ከሌሎቹ የተለየ መሣሪያ አልነበረውም፤ ታማሚውን ከእግሩ ጣት ላይ አላቋረጠውም፤ መሬቱን ጨምሮ አንድ ታማሚ አደረገው እንጂ። የዓሣ አርቢው ውሃ መለካትም ይኸው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን ሁሉ ነገር የአካባቢ ነው፣ ሥጋ ከደሙ ነጻ ነው ብሎ መደምደም ሌላ ስንፍና ነው። በአንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር አብረው ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ዝሆኔ ይይዘዋል፣ አንዱ ጤነኛ ይሸመግላል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የአንዳንድ ሰው የመከላከያ ዘረ መል ለዚህ አፈር የበለጠ እንደሚያጋልጠው አሳይተዋል። «ዘር ነው» ያሉት አያቶች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ማለት ነው፤ የተሳሳቱት ከዘሩ ወዲያ አለማየታቸውና በእሱ ላይ ልጃገረድን መፍረዳቸው ነው። ገንዳ ውስጥም እንዲሁ፤ ያው ውሃ፣ ያው አሞኒያ፤ አንዱ ይሞታል፣ ጎረቤቱ ምግብ ይለምናል። የተረፈው ዓሣ ውሃው ደኅና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም፤ የሞተውም ውሃው መርዝ ለመሆኑ ብቻውን አይመሰክርም።

እንግዲህ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተደናገጠ ባለቤት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይጨምራል። መዳብ፣ አንቲባዮቲክ፣ ፎርማሊን፣ ውሃ መቀየር፣ ነጭ ሽንኩርት ምግቡ ላይ፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት። ዓሣው ቢሞት ከየትኛው እንደሞተ አይታወቅም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቢድን ነው። ከአምስት ነገር የትኛው አዳነው? ምናልባት አንዱም፤ ምናልባት በራሱ ዳነ። ባለቤቱ ግን አምስቱን ሁሉ እንደ እውቀት ይዞ ይቀራል፤ ለጎረቤት ይመክራል። በእኛ ቆላ ከሲታ በሬ ሁሉ በገንዲ መርፌ ሲወጋ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። መርፌው ሲሠራ በሽታው ገንዲ ነበር ይባላል፤ ሳይሠራ ሲቀር መድኃኒቱ ውሸት ነው ይባላል። በሦስተኛው ዕድል፣ ማለትም ተህዋሲው መድኃኒቱን መልመዱ ላይ፣ ማንም አያስብም። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የተላመደ ገንዲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በጥናት ተረጋግጧል። ሕክምናን ማስረጃ አድርጎ መውሰድ የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ የሚጠብቅ ሰው ሲሆን ነው፤ መጠበቅ ደግሞ የሚሞት ነገር ፊት ቆሞ ጨካኝነት ይመስላል። ይህን ክብደት የሚያቃልል ምክር የለኝም። ቢኖረኝም አላምነውም።

የሞተውን ዓሣ ከፍቶ ማየትም ቢሆን ሰዓት ይቆጥርበታል። ዓሣ ፈጥኖ ይፈርሳል፤ ጥገኞቹም ሬሳውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ማለዳ ላይ ተገልብጦ የተገኘ ዓሣ ከሰዓት በኋላ የሚናገረው ጥቂት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ በገንዳው ታሪክ ውስጥ ጨርሶ የለም። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገንዳ የሚሸጡ ዓሣዎችን በሳያናይድ አደንዝዞ መያዝ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ዓሣው ይነቃል፣ ይሸጣል፣ በአውሮፕላን ባሕር ይሻገራል፤ ከሳምንታት በኋላ በአንድ ሳሎን ውስጥ እየበላ ይሞታል። ባለቤቱ ውሃውን ለካ፤ ውሃው ደኅና ነው። ቆዳውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ገዳዩ እጅ ዓሣው ከመሸጡ በፊት ሌላ አህጉር ላይ ነበረ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል ማስጠንቀቂያ ነው፤ አትጎርጉር ለማለት። ሆኖም በዚህ ዓይነቱ ሞት ዘንዶው ጉድጓዱ ውስጥ አለመኖሩን ማወቅ የሚቻለው ጎርጉሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ከስንፍና አይቆጠርም። ያልለኩ ሰዎች የሚጽፉት «አልታወቀም»ና ለክተው የጨረሱ ሰዎች የሚጽፉት «አልታወቀም» በወረቀት ላይ አንድ መሆናቸው ያሳዝናል።

ገንዳ ከሐይቅ የሚቀለው ባለቤት ስላለው ነው። አሞኒያው ከፍ ካለ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ በዚያው ማታ የውሃውን ሩብ ይቀይራል። ሐይቅ ላይ ምልክቱ ያው ሆኖ ባለ ባልዲው ይጠፋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ በጅምላ አለቀ፤ አምሃ በላይና አር. ቢ. ዉድ ከአራት ዓመት በኋላ ያሳተሙት ጥናት የዚያን ዓመቱን የአልጌ መብዛት የመረመረ ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ይተነፍሳል፤ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል። በዓሣው አካል ላይ ምንም ቁስል ሳይኖር ሐይቁ ራሱ ይታፈናል። አብያታ ሐይቅ ላይ የሆነው ደግሞ የጨው ታሪክ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከሐይቁ ሶዳ አሽ ለማምረት ውሃ ተሳበ፤ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ። ምልክቱ የታየው ዓሣው ላይ ብቻ አይደለም። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየተፈለፈሉ አብያታ ላይ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ርቀው መሄድ ጀመሩ። ምልክቱ በአንድ ሐይቅ ወፍ ላይ፣ ታማሚው በሁለተኛው ሐይቅ ውስጥ፣ ምክንያቱ በከፊል በሦስተኛው ሐይቅ ዳር።

የባሕር ዓሣ ይዞ ስንጥቡን የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ የማሰብ ግዴታ የለበትም፤ ለእሱ ገንዳው ይበቃዋል። እኛ ግን የምንኖረው በቢላቴ ዳር ነው። የአባያ ዓሣ ቢያንስ ወይም ቢከሳ መረቡን የሚጥለው ሰው ዓሣውን ያያል፤ ናሙናውን የሚወስደው ባለሙያ ውሃውን ይለካል፤ ደለሉ የተነሣው ግን ከሁለቱም ርቆ በተዳፋት ላይ ካለ ማሳ ነው፤ ከዱጉና ፋንጎም ጭምር። በዚያ ተዳፋት ላይ በጋውን ሙሉ እርከን ሲሠራ የሚውል ገበሬ የአባያን ዓሣ ከሚያክሙት አንዱ ነው። ዓሣውን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው እንደሆነ የነገረው ሰው ግን የለም። እርከኑ የሚቆጠርለትም በዓሣ ሳይሆን በሜትር ነው።